ምዕራፍ ስምንት፦ «ለነገ ይደርሳል አይደል?»

ግራፊክ ዲዛይነር ሆኖ ይህን ጥያቄ ያልሰማ የለም፤ በዩኒቨርሲቲ የምርምር ጽሕፈት ቤት የሚሠራው ግን ከሰላምታ እኩል ይሰማዋል። ጠያቂው ብዙውን ጊዜ በሩን ገፋ አድርጎ፣ ሳይገባ ነው የሚጠይቀው። ከገባና ከተቀመጠ ሥራው ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ሊነገረው ነዋ! «ቀላል ናት፤ ባነር ብቻ ናት» ይላል። ባነሯ ላይ የሚሰፍረው ርዕስ ግን ገና በኮሚቴ አልጸደቀም፤ የክብር እንግዳው አልተረጋገጠም፤ የአጋር ድርጅቶቹ ሎጎ «ማታ ይመጣል» ተብሏል፤ ወርክሾፑ ደግሞ ነገ ጠዋት 2:30 ይጀመራል።

ከውጭ ለሚያየው ይህ ሥራ የማሳመር ሥራ ነው። ተመራማሪውም ፋይሉን ሲልክ «እስቲ ትንሽ አሳምርልኝ» ነው የሚለው። እኔ ደግሞ በዚህ ምዕራፍ የምሟገተው ማሳመሩ የሥራው ትንሹ ክፍል መሆኑን ነው። አንድ ጥናት ከአጥኚዎቹና ከገምጋሚዎቹ እጅ ከወጣ በኋላ በመጀመሪያ የሚነበበው ዲዛይነሩ ጠረጴዛ ላይ ነው። ዲዛይነሩ አግሮኖሚስት አይደለም፤ ሐኪምም አይደለም። እሱ ያልገባው ነገር ካለ የወረዳው ባለሙያም፣ ስብሰባ ላይ የተቀመጠው ኃላፊም፣ ማሳ ላይ የቆመው ገበሬም አይገባቸውም። ስለዚህ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ቀለም ከመምረጡ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቃል። ይህን የሚያነበው ማን ነው? የት ሆኖ ነው የሚያነበው? የቀረው ሁሉ ከእነዚህ ይመዘዛል።

ሀዋሳ ይህን ለማየት ምቹ ከተማ ናት። ዛሬ ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የምንለው ተቋም አንዱ ሥሩ እ.ኤ.አ. በ1976 የተከፈተው የአዋሳ እርሻ ኮሌጅ ነው። በ1992 ዓ.ም. ይህ ኮሌጅ ከወንዶ ገነት የደን ኮሌጅና ከዲላው የመምህራንና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ጋር ተጣምሮ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ በኋላም ዲላ ራሱን ችሎ ሲወጣ የቀረው ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የተቋም ስም መለወጥ ለታሪክ ጸሐፊ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ለዲዛይነር ግን የደብዳቤ ራስጌ ነው፤ ማህተም ነው፤ ፖስታ ነው፤ የመኪና በር ላይ ያለ ጽሑፍ ነው፤ የግቢ በር ላይ የተተከለ ሰሌዳ ነው። የከተማዋ ስም ራሱ ከአዋሳ ወደ ሀዋሳ ከተለወጠ በኋላ እንኳ በአንድ ሰነድ ውስጥ ሀዋሳ፣ ሐዋሳና ሃዋሳ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይገኛሉ። አንዱን መርጦ ከሽፋን እስከ ጀርባ እንዲጸና ማድረግም የዲዛይነሩ ዕዳ ነው፤ ማንም አላዘዘውም፣ ማንም አያመሰግነውም።

የኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተካሂዶ ሲዳማ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ክልል ሆኖ ሲቋቋም ሀዋሳ ዋና ከተማው ሆነች። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ሲዳሙ አፎ ነው፤ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። ዩኒቨርሲቲው የፌዴራል ተቋም ስለሆነ ደብዳቤው በአማርኛ ይመላለሳል። ጥናቱ ደግሞ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። እንግዲህ 85 ሳንቲ ሜትር ስፋትና ሁለት ሜትር ቁመት ባለው አንድ ሮል አፕ ላይ ሦስት ቋንቋ፣ ሁለት ፊደል፣ ሁለት የዘመን አቆጣጠር ይሰፍራል ማለት ነው። የአዲስ አበባ ዲዛይነር በአብዛኛው ሁለት ቋንቋ ነው የሚያስማማው፤ የሀዋሳው ሦስት።

ሥራው ወቅት አለው። በጀት ሐምሌ 1 ተከፍቶ ሰኔ 30 ይዘጋል። ዓመቱ ሲጀመር የፕሮፖዛል ጥሪ ማስታወቂያ ይሠራል፤ ቀጥሎ የስልጠና ሰርተፊኬት፣ የእንግዳ ባጅ፣ የዓመታዊ ግምገማ መርሐ ግብር፣ የፕሮሲዲንግ ሽፋን፣ ለጉብኝት የሚመጣ እንግዳ የሚሰጠው ብሮሸር ይከተላል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ያልተነካ የኅትመት በጀት ያለበት ክፍል ሁሉ ነቅቶ ይመጣል። ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፤ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል። በዚህ አሠራር ዲዛይነሩ ሥራውን የሚያትመው ማን እንደሆነ፣ በምን ወረቀትና በምን ማሽን እንደሚያትመው ሳያውቅ ነው የሚሠራው። ለአንጸባራቂ ወረቀት የታሰበ ፎቶ ሸካራ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ቀለሙን ወረቀቱ ይጠጣዋል፤ ፊቶች ይጠቁራሉ። ልምድ ያለው ሰው ከመጀመሪያው ፎቶውን ትንሽ አፍክቶ፣ ቀጫጭን መስመሮችን ወፈር አድርጎ፣ ለክፉ ቀን አዘጋጅቶ ነው የሚልከው።

ስለ ሰርተፊኬት አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። ብዙ ጀማሪ ዲዛይነር ሰርተፊኬቱን በሐረግ፣ በወርቃማ ጠርዝ፣ ከበስተጀርባ በሚታይ ትልቅ አርማ ይሞላዋል። ሰርተፊኬቱን ሰርተፊኬት የሚያደርገው ግን በመጨረሻ ፊርማው ላይ የሚያርፈው ማህተም ነው። ጥቅጥቅ ባለ ሰማያዊ ጀርባ ላይ ያረፈ ሰማያዊ ማህተም አይነበብም። ማህተሙ የማይነበብ ሰርተፊኬት ደግሞ ሥራ ፈላጊው ይዞት ሲሄድ ጥያቄ ያስነሳበታል። ታች ቀኝ ጥግ ላይ ነጭ ቦታ መተው ይህን ያህል ዋጋ አለው።

አሁን ወደ ፊደሉ እንምጣ፤ የሥራው ከባዱም ጣፋጩም ክፍል እዚህ ነው።

የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። ከሀ እስከ ፐ ሁሉም ከሞላ ጎደል እኩል ቁመት ይዘው ይሰለፋሉ። የላቲን ትንንሽ ፊደላት ግን አንዱ ወደ ላይ ይዘልቃል፣ ሌላው ወደ ታች ይወርዳል፣ የቀረው መሐል ላይ ይቀመጣል። ሁለቱን በአንድ መጠን፣ እንበል በ40 ነጥብ፣ ከላይና ከታች ብትጽፋቸው አማርኛው ጮክ ብሎ የሚናገር፣ ሲዳሙ አፎው ደግሞ ከኋላ ሆኖ የሚያንሾካሹክ ይመስላል። በቁጥር እኩል የሆነው በዓይን እኩል አይሆንም። ሦስት ቋንቋ ባለበት ባነር ላይ ይህ የውበት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ «የእኛ ቋንቋ ለምን አነሰ?» የሚል ቅሬታ ያመጣል፤ ቅሬታውም ትክክል ነው። መፍትሔው ማስመሪያውን ትቶ ራቅ ብሎ ቆሞ ማየትና እኩል እስኪመስሉ ድረስ የላቲኑን ከፍ፣ የግዕዙን ዝቅ ማድረግ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው መጥቶ «ይሄኛው 40፣ ያኛው 44 ነው፤ አልተስተካከለም» ቢል በትዕግሥት ማስረዳት ነው።

በእንግሊዝኛ የዕፅዋትና የእንስሳት ሳይንሳዊ ስም ሲጻፍ ፊደሉ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። የግዕዝ ፊደል ግን የማዘንበል ልማድ የለውም። ኮምፒውተሩ ቁልፉን ስትጫነው ያጋድመዋል፤ የሚወጣው ነገር ግን ነፋስ የገፋው አጥር ነው። የእኛ ቁም ጸሐፊዎች አንድን ስም ከሌላው መለየት ሲፈልጉ ቀይ ቀለም ያነሡ ነበር፤ የቅዱሳንን ስም፣ የምዕራፍን መክፈቻ በቀይ፣ የቀረውን በጥቁር። ብራናውን ከመጻፋቸው በፊት ጠርዙን በወስፌ ወግተው፣ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ቀለም የሌለው መስመር አስምረው ዓምዱን ያዘጋጁ ነበር። ዛሬ ዲዛይነሩ ኢንዲዛይን በሚባለው የገጽ ማሰናጃ ሶፍትዌር ውስጥ ማርጂንና ዓምድ ሲዘረጋ የሚያደርገውም ይኸንኑ ነው። ማስመሩን ከውጭ የመጣ ዘመናዊ ዘዴ አድርገን እንማረዋለን እንጂ ገዳማቱ ውስጥ ያለው ማንኛውም የብራና መጽሐፍ ላይ ጣትን ቢያሳርፉ መስመሩ ይዳሰሳል።

መስመር ስለ መስበርም እንዲሁ። ብራና ላይ በቃልና በቃል መካከል ሁለት ነጥብ ስላለ፣ ጸሐፊው ቦታ ባለቀበት ላይ ቃሉን ቆርጦ ቀሪውን ወደሚቀጥለው መስመር ቢያወርድ አንባቢው አይደናገርም ነበር። ሁለት ነጥቡን ትተን በባዶ ቦታ ስንተካው ይህ ነፃነት አብሮ ሄደ። ቃላችን ግን አላጠረም። «የሚያስተላልፉላቸውን»፣ «እንዳይንቀሳቀሱባቸው» የሚሉ ቃላት ያለበትን አንቀጽ ለሦስት በሚታጠፍ ብሮሸር ውስጥ አስገባው። ኤ4 ወረቀት በረጅሙ በኩል 297 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለሦስት ሲከፈል 99፤ ኅዳግ ሲቀነስ ለጽሑፍ የሚተርፈው 8 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ጠባብ ዓምድ ውስጥ ሁለቱንም ጠርዝ እኩል ለማድረግ ከተሞከረ አንዳንዱ መስመር ሁለት ቃል ብቻ ይዞ፣ መሐሉ ላይ መኪና የሚያሳልፍ ክፍተት ይፈጠራል። ግራውን አሰልፎ ቀኙን እንደ ወጣ እንዲቀር መተው ይሻላል። ይህን ያደረገ ዲዛይነር ግን በማግሥቱ ምን እንደሚባል ያውቃል፦ «ወንድሜ፣ ጠርዙ ወጣ ገባ ሆኗል፤ ጀስቲፋይ አድርገው እንጂ።»

ሌላው ጣጣ ከኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ያለው ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በየቢሮው የቀጠሉት ሶፍትዌሮች የላቲኑን ቁጥር የግዕዝ ቅርጽ አለበሱት። ስክሪን ላይ «ምርምር» ሆኖ የሚታየው ነገር ለኮምፒውተሩ የላቲን ፊደላትና የሥርዓተ ነጥብ ድርድር ነበር። ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ ፋይሉ ሲከፈት እውነቱ ይወጣል፤ ገጹ በማይነበብ የላቲን ዝብርቅ ይሞላል። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ ሲመጣ አማርኛ ያለ ተጨማሪ ጭነት ኮምፒውተር ላይ መነበብ ጀመረ። ዛሬ ኖቶ፣ አቢሲኒካና ሌሎችም በነፃ ይገኛሉ። ሆኖም የሃያ ዓመት ሪፖርቶችና የዓውደ ጥናት ጽሑፎች በአሮጌው መንገድ ተጽፈው ተቀምጠዋል። ወረቀቱ ይነበባል፤ ፋይሉ ግን ተፈልጎ አይገኝም። «ቦሎቄ» ብለህ ብትፈልግ ኮምፒውተሩ በዚያ ሰነድ ውስጥ ቦሎቄ የሚባል ነገር የለም ይልሃል። የምርምር ጽሕፈት ቤት ሥራ ዕውቀትን ማቆየት ከሆነ፣ ከማንኛውም አዲስ ባነር በፊት እነዚህን ጽሑፎች ወደ ዩኒኮድ መቀየር በተሻለ ነበር። አስመርቆ ሪባን የሚቆረጥበት ሥራ ስላልሆነ ግን ተራው አይደርሰውም።

ፊደላችን በየዘመኑ ለመጣው ማሽን ሲታጠፍ ኖሯል። በግዕዝ የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ላይ ሲወጣ ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ፊደሉን የተማረው እዚያ ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ነበር። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ ጽሕፈት መኪና ለመሥራት ሲነሡ ደግሞ ከ200 በላይ ቅርጽ ያለውን ፊደል ለእንግሊዝኛ በተሠራ ጥቂት ቁልፍ ላይ የማስፈር ፈተና ገጠማቸው። የጽሕፈት መኪናው ዘመን አለፈ፤ ጠባሳው ግን አለ። አራት ነጥብን በሁለት ኮለን የሚተካ ሰው ዛሬም በየቢሮው ሞልቷል። ዲዛይነሩ የመጣለትን ጽሑፍ ሲቀበል መጀመሪያ የሚያደርገው ፈልጎ መተካት ነው፤ ሁለት ኮለን ይወጣል፣ አራት ነጥብ ይገባል። ካልሆነ አንዱ ኮለን መስመር መጨረሻ ላይ፣ ሌላው በሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ላይ ተለያይተው ይታተማሉ።

ቀንና ሰዓትም ወጥመድ አላቸው። የእንግሊዝኛው መጥሪያ 8:30 ይላል፤ የአማርኛው 2:30። ልዩነቱን ሁሉም ያውቀዋል። አንዱን ከሌላው የገለበጠ ሰው ግን አንዳንዴ 8:30ን እንዳለ አማርኛው ውስጥ ይተወዋል፤ እንግዳውም ከምሳ በኋላ ይመጣል። ቀኑ ደግሞ የበለጠ ተንኮለኛ ነው። መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ነው ብሎ በቃሉ የያዘ ሰው ከአራት ዓመት በሦስቱ አይሳሳትም። ጳጉሜን ስድስት ከሆነችበት ዓመት በኋላ ግን አዲሱ ዓመት ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፤ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስም ሁሉም ቀን በአንድ ይንሸራተታል። 2016 ዓ.ም. እንዲህ ነበር የጀመረው፤ 2020ም እንዲሁ ይሆናል። ስለዚህ ከሁለቱ ቀኖች ጎን የሳምንቱን ቀን መጻፍ ይበጃል። «ማክሰኞ» የሚለው ቃል ከቀኑ ጋር ካልገጠመ ስህተቱ ከማተሚያ ቤት በፊት ይያዛል።

ፎቶዎች የሚመጡት በቴሌግራም ነው። ቴሌግራም ፎቶን በፎቶነቱ ሲቀበል ይጨምቀዋል፤ ለረጅም ጊዜ በተለመደው ልክ ረጅሙ ጎን 1280 ፒክስል ሆኖ ይደርሳል። በጥሩ ኅትመት በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ያስፈልጋል እንላለን፤ በዚህ ሒሳብ ያ ፎቶ ከ11 ሳንቲ ሜትር በላይ መታተም የለበትም። 85 ሳንቲ ሜትር ሮል አፕ ላይ ዳር እስከ ዳር ቢዘረጋ በኢንች የሚደርሰው 38 ፒክስል ገደማ ነው፤ የሀዋሳ ሐይቅ ዳር አባ ኮዳ ከሩቅ ወፍ፣ ከቅርብ የካሬዎች ክምር ይሆናል። ያው ፎቶ «በፋይል» ቢላክ ሳይነካ ይመጣል። ይህችን አንዲት ነገር ለሁሉም ተመራማሪ ማስተማር ከማንኛውም አዲስ ሶፍትዌር ግዢ ይበልጣል። ሎጎም እንደዚሁ ነው፤ ከድረ ገጽ ላይ ተቆርጦ የመጣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል አርማ ፍሌክስ ላይ ሲለጠጥ ያሳፍራል። ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ የሕይወት ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር፣ በጥራጥሬ ምርምር ደግሞ ከካናዳው ሳስካችዋን ዩኒቨርሲቲ ጋር ለዓመታት ሠርቷል፤ እያንዳንዱ አጋር ከገንዘቡ ጋር አርማውንና የአርማውን ሕግ ይዞ ይመጣል። አምስት አርማ በአንድ ረድፍ ሲሰለፍ ክቡ ያነሰ፣ ረጅሙ የገነነ ይመስላል። እዚህም የሚዳኘው ዓይን ነው።

የምርምር ፖስተር ራሱን የቻለ በሽታ ነው። ተመራማሪው የሃያ ገጽ ጽሑፉን ፓወርፖይንት ውስጥ ይለጥፍና ኤ0 አድርግልኝ ይላል። ኤ0 ስፋቱ አንድ ካሬ ሜትር ነው፤ ሰፊ ይመስላል፤ ሃያ ገጽ ሲገባበት ግን የግድግዳ ጋዜጣ ይሆናል። ሻይ ይዞ የሚያልፍ ሰው ጋዜጣ አያነብም። ማይክ ሞሪሰን የተባለ አሜሪካዊ የዶክትሬት ተማሪ እ.ኤ.አ. በ2019 ይህን ሰልችቶት አዲስ አቀማመጥ አቀረበ፦ የጥናቱ ዋና ግኝት በአንድ ተራ ዓረፍተ ነገር፣ በትልልቅ ፊደል፣ ፖስተሩ መሐል ላይ ይቀመጥ፤ ዝርዝሩ በጎን ይሁን። ሐሳቡ በፍጥነት ተዛመተ፤ የተቃወሙትም ነበሩ። እኔ በግሌ ጥቅሙ አቀማመጡ ላይ አይመስለኝም። ጥቅሙ ተመራማሪውን «ግኝትህ በአንድ ዓረፍተ ነገር ምንድን ነው?» ብሎ ማስጨነቁ ነው። ዲዛይነሩ ይህን ሲጠይቅ የሚመጣው የመጀመሪያ መልስ አብዛኛውን ጊዜ ዘዴው ነው፤ ሁለተኛው ዓላማው ነው፤ ግኝቱ የሚወጣው በሦስተኛው ነው። በአክብሮት፣ «ዶክተር» እያሉ፣ እስከ ሦስተኛው ድረስ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ግራፉም መታረም አለበት። ዊልያም ክሊቭላንድና ሮበርት ማክጊል እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት የሰው ዓይን በአንድ መነሻ መስመር ላይ የቆሙ ነገሮችን ርዝመት ሲያነጻጽር እምብዛም እንደማይሳሳት፣ ማዕዘንንና ስፋትን ሲያነጻጽር ግን እንደሚሳሳት አሳይተዋል። የአምስት የቦሎቄ ዝርያዎችን ምርት እንደ ዳቦ በተቆረጠ ክብ፣ ያውም ጎኑ በሚታይ ክብ ላይ ማሳየት ልዩነቱን መደበቅ ነው። አምስት ቀጥ ያሉ ዓምዶች ይበቃሉ። ከዚያ ደግሞ ቀለሙ አለ። እኛ ግራፍ ስንቀባ እጃችን ሳናስበው ወደ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ይሄዳል። ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸግራቸው ሰዎች ግን በየአገሩ አሉ፤ በሰሜን አውሮፓ ተወላጅ ወንዶች ዘንድ 8 በመቶ ገደማ ይደርሳሉ። ገንዘብ ሰጪው ሪፖርቱን ኦስሎ ላይ ሲከፍት ሁለቱ ዓምዶች አንድ ዓይነት ቡኒ ሆነው ሊታዩት ይችላሉ።

እስካሁን ያነሣኋቸው አንባቢዎች ሁሉ የተማሩ ናቸው። የምርምር ጽሕፈት ቤቱ ሙሉ ስም ውስጥ ግን «የቴክኖሎጂ ሽግግር» የሚል ሐረግ አለ፤ ሽግግሩ የሚደረግለት ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ገበሬ ነው። ለዚህ የእንሰትን በራሪ ወረቀት ልውሰድ።

በሲዳማ ጓሮ ውስጥ እንሰት ማለት ዋሳ የሚባለው የዘወትር ምግብ ነው፤ በበዓል ቀን ደግሞ ቡሪሳሜ የሚባለው ምግብ ነው። ይህን ተክል ከሁሉ በላይ የሚያጠፋው አጠውልግ የሚባለው በሽታ ነው። በባክቴሪያ የሚመጣ መሆኑን ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 ለሳይንሱ ዓለም ገለጹ። ቅጠሉ ይቢጫል፣ ይጠወልጋል፣ ይወድቃል፤ ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫማ ዝልግልግ ፈሳሽ ይወጣል። ከተክል ወደ ተክል የሚተላለፍበት ዋናው መንገድ የታመመውን የቆረጠ ቢላ ነው። ምክሩ አጭር ነው፦ የታመመውን ነቅለህ ቅበር፤ ቢላህን በእሳት ለብልብ፤ ከብቶች የታመመውን እንዳይበሉ ጠብቅ።

ሦስት ምክር፣ አንድ ወረቀት። ቀላል ይመስላል። ዲዛይነሩ መጀመሪያ የሚሳሳተው ቢላው ላይ ነው። ኢንተርኔት ላይ የተገኘ የወጥ ቤት ቢላ ሥዕል ያስቀምጣል፤ እንሰት የሚቆረጠው ግን በዚያ አይደለም፤ ገበሬው የሌላ ሰው ጉዳይ መስሎት ያልፈዋል። ጓሮው ውስጥ ያለውን መሣሪያ ፎቶ አንስቶ ከላዩ ላይ መሣል ያስፈልጋል። ቀጥሎ የተከለከለውን ለማሳየት በሥዕሉ ላይ ኤክስ ይጥልበታል። ትምህርት ቤት ለገባ ሰው ኤክስ «ስህተት» ነው፤ ላልገባ ሰው ግን ሥዕል ላይ የተጋደመ ሁለት ዘንግ ነው። ከኤክስ ይልቅ ያው ቢላ ሳይለበለብ ወደ ጤነኛው ሲሄድና ጤነኛው ሲጠወልግ በሁለት ሥዕል ማሳየት ይሻላል። ሥዕሎቹን ከግራ ወደ ቀኝ መደርደርም የማንበብ ልማድ ላለው ነው የሚሠራው፤ ላልለመደው ከላይ ወደ ታች በአንድ ዓምድ መውረዱ ይቀላል። የበሽታውን ፈሳሽ በክብ ውስጥ አጉልቶ ማሳየት ደግሞ ክቡን ሌላ ነገር ያስመስለዋል፤ የቆረጠው እጅ አብሮ ቢታይ ግን መጠኑ ይታወቃል።

ከሁሉ የሚከፋው ስህተት ቀለሙ ነው። ስክሪን ላይ ቢጫው ያምራል፤ በማተሚያ ቤት ወረቀት ላይም ጥሩ ይወጣል። የታተመው ሁለት ሺህ ቅጂ ግን ወረዳ ላይ ያልቃል። ከዚያ በኋላ የቀበሌው ባለሙያ አንዱን ይዞ ፎቶ ኮፒ ቤት ይሄዳል፤ የኮፒውንም ኮፒ ሌላው ያባዛል። ጥቁርና ነጭ ማሽን ፈዛዛ ቢጫን አያየውም፤ ነጭ ያደርገዋል። የበሽታው ዋና ምልክት ከወረቀቱ ላይ ይጠፋል፤ የቀረው እጅ፣ ቢላና የተቆረጠ ግንድ ነው። እንዲያውም መቁረጥን የሚያበረታታ ይመስላል።

ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ወረቀት ከመጽደቁ በፊት በጥቁርና ነጭ ይታተማል፤ ኮፒ ይደረጋል፤ የኮፒው ኮፒ ይደረጋል። ሦስተኛው ቅጂ ለጥበቃው ወይም ለጽዳት ሠራተኛዋ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ጓሮ ላለው ማንኛውም ሰው ይሰጣል። «እቴ፣ ምን ይታይሻል?» ይባላል፤ «ገባሽ ወይ?» አይባልም፤ ለዚያኛው መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነውና። «ግንዱን እየቆረጠ ነው፤ ሊፍቅ ነው» ካለች ሥዕሉ ወድቋል። ጠብታዎቹ በወፍራም ጥቁር መስመር ይከበባሉ፤ ከግንዱ ወደ ታች ሲንጠባጠቡ ይሣላሉ፤ የጠወለገው ቅጠል ከጎኑ ይጨመራል። ሲዳሙ አፎውና አማርኛው ከሥዕሉ በተለየ ረድፍ ላይ ይቀመጣሉ፤ ወረቀቱ ወደ ጌዴኦ ወይም ወደ ጉራጌ ቢሻገር ጽሑፉ ብቻ ይቀየራል፤ ሥዕሉ አይነካም። የዩኒቨርሲቲውና የአጋሮቹ አርማዎች ወደ ጀርባው ይዛወራሉ፤ በዚህ ላይ አንድ ስብሰባ ያህል ክርክር መኖሩ አይቀርም። ታችኛው ጠርዝ ላይ ደግሞ ሁለት ጣት ያህል ባዶ ቦታ ይተዋል፤ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ስልኩን በእስክሪብቶ የሚጽፍበት።